የእርጥብ ፎጣ ሽታ

እስከ ዛሬ ለማንም አልጻፍኩትም። አሁንም የምጽፈው ካላመናችሁኝ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ አይደለም። የፈለገ ይመን፤ ያልፈለገ «ሐዘን ያመጣባት ቅዠት ነው» ይበል። እኔ የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን፣ በአፍንጫዬ ያሸተትኩትን ነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም።

ነገሩ የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው... የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የቆርቆሮው ጣሪያ ከሙቀቱ የተነሳ ቋ... ቋ... ይላል። ከጎናችን ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ መዶሻውን ያወርደዋል። በር ላይ ባለው መንገድ መኪናው ተደርድሮ ጥሩምባውን ይነፋል።

እንዲህ ባለ ቦታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ይፈራል ብትሉኝ ኖሮ እስቅባችሁ ነበር።

አሁን አልስቅም።

ሥራዬ የመኪና ኤሲ መጠገን ነው። «ሴት ልጅ ዳሽቦርድ ሥር ተጣጥፋ ምን ታደርጋለች?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። መልሴ አንድ ነው፤ «ወንዶቹ ቦርጫቸው አላስገባ ብሏቸው ነው» እለዋለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ዝምታው» ይለዋል። አፉ ስለማይዘጋ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ወንድሜ መጣ። ታላቄ ነው። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ፣ ወንድምም አባትም የሆነኝ እሱ ነው።

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሰውነቱ አልቋል። ሸሚዙ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። ከመኪናው ወርዶ ቁልፉን ዘረጋልኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

«እታለም... ይሄን ሽታ አጥፊልኝ።»

«የምን ሽታ?»

«ግቢና አሽትቺው።»

በሩን ከፈትኩ። ሽታው ፊቴን መታኝ።

ፎጣ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? ከቀናት በኋላ ስታነሱት ብድግ የሚለው ሽታ... እሱ ነው። ቁርጥ እሱ።

ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። የኤሲ ሽታ ተአምር የለውም። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ በረዶ ውሃ እንደያዘ ብርጭቆ ያልበዋል። ላቡ ከሥር ባለችው ቱቦ ካልወረደ፣ ወይም ሳይደርቅ ከታፈነ፣ ሻጋታ ያወጣል። ፊልትሮውን መቀየር፣ ቱቦዋን መክፈት፣ አረፋ ነፍቶ ማጠብ፣ ከዚያ ማድረቅ። አለቀ።

«ለዚህ ነው እንዴ የተጨነቅኸው? ከሰዓት ወስደህ ትሄዳለህ» አልኩት።

«ሌሎች ጋ ወስጄው ነበር። ባለፈው ሳምንት አዲስ ፊልትሮ አስገቡለት። ባሰበት።»

እኔ እያለሁለት ለምን ሌላ ጋ እንደወሰደው አልጠየቅኩትም። ሚስቱ የእኔም የልብ ጓደኛ ነበረች። እዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ ዳሽቦርድ ሥር እንድተኛ አልፈለገም።

«ለእኔ ብዬ መሰለሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔማ ለምጄዋለሁ። ለሚጣ ነው።»

ሚጣ ልጁ ናት። አንድ ልጁ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት አትገባም አለኝ። መኪናው ውስጥ ትቀመጣለች። በሩን ትዘጋለች፤ መስኮት አታስከፍትም። እዚያው ታጠናለች፣ እዚያው እንቅልፍ ይጥላታል። አሁን ደረቅ ሳል ይዟታል። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ይህች ልጅ የምትውልበት ቦታ ሻጋታ አለው?» ብሎ ጠየቀው።

«ቁልፉን ደብቅባት እንጂ ጋሼ!»

«ደብቄባታለሁ።»

«እሺ?»

«ኤሲው ይነፍሳል።»

«ያለ ቁልፍ?»

«ሚጣን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዣት እመጣለሁ» አለና ትከሻው እንደወደቀ ወጥቶ ሄደ።

ስለ ሚስቱ ትንሽ ልንገራችሁ።

ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት ነበረች። በሽታው ሲጠናባት ፀጉሯ በመዳፍ መርገፍ ጀመረ። የላጨኋት እኔ ነኝ። ጓሮ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጬ። «አደራ ጆሮዬን እንዳትቆርጪው፤ መልክ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው» እያለች ታስቀኛለች። ሳቅን... ሳቅን... መጨረሻ ላይ ምላጩን አስቀምጬ ሁለታችንም አለቀስን።

የሞተችው መኪናው ውስጥ ነው።

ትኩሳቷ ጨምሮ ጋሼ ወደ ሆስፒታል እየበረረ ሳለ መንገዱ ተዘጋ። ከፊታቸው የቆመ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ይተፋል። መስኮቶቹን ሁሉ ዘጉ። የውጭ አየር እንዳይገባ፣ የውስጡ ብቻ እንዲዞር አደረገና ኤሲውን እስከ መጨረሻው ለቀቀላት። እሷ ጋቢና ነበረች። ግንባሯ ላይ እርጥብ ፎጣ። ፊቷን ወደ አየር መውጫው አስጠግታ፣ «አየር... አየር...» ትላለች።

ሚጣ ከኋላ ነበረች።

መንገዱ ሲከፈት የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም።

ጋሼ ከሄደ በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የዳሽቦርዱን መሳቢያ ፈትቼ ፊልትሮውን ሳብኩት።

አዲስ ነው። ነጭ። ግን ርሷል።

ጨመቅሁት። ውሃው በጣቶቼ መሀል ወረደ... ለብ ያለ ነው።

መኪናው ጥላ ሥር ቆሟል። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል። ከኤሲ የሚወጣ ውሃ ደግሞ ይቀዘቅዛል እንጂ ለብ አይልም።

ከዚያ በወረቀቱ እጥፋት መሀል አንድ ፀጉር አየሁ። በጥፍሬ ይዤ ሳብኩት። መጣ... መጣ... አላልቅ አለ። በአንዱ እጥፋት ገብቶ በሌላው ወጥቷል። በመርፌ የሰፉት ይመስላል። ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ፀጉር።

ስትሞት አናቷ ላይ አንድ ፀጉር አልነበረም።

«ዝምታው...»

«አቤት!» አለ ከሌላ መኪና ሥር ሆኖ።

«ና ይሄን እይ።»

መጥቶ አየና ሳቀ። «ፀጉር ነው እንጂ እባብ መሰለሽ? ፋን ያገኘውን ይስባል። እኔ ከአንዱ መኪና ሙሉ ዊግ አውጥቼ የለ? ባለቤቱ ሚስቱ ፊት አፍሮ መሬት ልትውጠው!»

«ፊልትሮው የሳምንት ነው። እሷ ከሞተች ስንት ጊዜዋ።»

«የድሮ ፀጉር ውስጥ ቀርቶ ይሆናላ።»

«ውሃውስ?»

«ቱቦው ተዘግቶ ነዋ! ዛሬ ሥራሽን እኔ ላስተምርሽ?»

መኪናው ሥር ገባሁ። ቱቦዋን በሽቦ ወጋኋት።

አልተዘጋችም። የወጣው አቧራ ብቻ ነው። ውሃ ከነካት ቆይቷል።

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ራሴን ተቆጣሁ። ሥራ ነው፣ ሥራሽን ሥሪ አልኩ። አረፋውን አምጥቼ በአየር መውጫው ነፋሁ። አረፋ ሲገባ ሻጋታውን ይዞ በቱቦዋ ይወርዳል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ከሥር ባልዲ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ጠበቅሁ...

አንድ ጠብታ አልወረደም።

ሌላ ቆርቆሮ አረፋ ጨመርኩ። እሱንም ዋጠው። ባልዲው ደረቅ ነው። ሽታው ደግሞ ጭራሽ ጎላ።

እንግዲህ ልንፋበትና ይድረቅ ብዬ ፋኑን ዝቅተኛው ላይ አደረግሁት።

እፍ... አለ።

ቆመ።

እፍ...

ቆመ።

የፋን ድምፅ ታውቃላችሁ። አንድ ወጥ ነው። ይሄ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። መሀሉ ላይ ያርፋል።

«ዝምታው፣ አሁን ስቀህ እንዳትመጣ።»

ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠግቶ አዳመጠ። «ፋኑ መብራት የሚያገኘው እየተቆራረጠ ነው። ገመድ ላልቶ ይሆናል። ቆይ ፊውዙን ላውጣው።»

ፊውዙን ነቅሎ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ።

እፍ...

ፊውዙን አየ። እኔን አየኝ። ተነስቶ ሄደና የባትሪውን ገመድ ሁለቱንም ፈታ። አሁን እዚያ መኪና ውስጥ የመብራት ጭላንጭል እንኳ የለም።

እፍ...

ዝምታው ዝም አለ።

ካወቅሁት ጀምሮ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

እጄን አየር መውጫው ላይ ዘረጋሁ። የሚወጣው ቀዝቃዛ አልነበረም። ይሞቃል። ይረጥባል። ሕፃን ታቅፋችሁ አንገታችሁ ላይ ሲተነፍስባችሁ እንደሚሰማችሁ...

እጄን መለስኩት።

«ይሄን መኪና ወዲያ እንግፋው» አለኝ በሹክሹክታ። «ጋሼሽ ሳይመጣ ደጅ እንግፋውና...»

«እና ምን እንበለው?»

መፍቻውን አስቀምጦ ለመግፋት ወደ ኋላ ዞረ።

በዚህ መሀል ነው ጋሼ ሚጣን ይዞ የደረሰው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ልጅቷ መኪናውን ስታይ የአባቷን እጅ ለቀቀች። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየተንገጫገጨ ሮጣ፣ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ዘጋችው።

«ሚጣ! ውጪ ከዚያ!» ጋሼ ጮኸ።

«ቆይ፣ እኔ ላውጣት» አልኩ። ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩና በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«ሚጣዬ...»

«እሽሽ... ቀስ ብለሽ አውሪ አክስቴ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ታሳስቺኛለሽ።»

«ምኑን ነው የማሳስትሽ?»

አየሩ እፍ... ሲል አፏ ተከፈተና እፍ... አለች። አየሩ ሲያርፍ እሷም አረፈች። ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች። እንደገና እፍ... ሲል ደረቷ አብሮ ወረደ።

ትንፋሿ ከኤሲው ጋር ነው የሚሄደው።

«ምን እየሠራሽ ነው የኔ ቆንጆ?»

«እየተነፈስኩ።»

«ከማን ጋር?»

በጣቷ እኔ ወደ ተቀመጥኩበት ጠቆመች።

«አክስቴ... እጇ ላይ ተቀምጠሻል።»

እንዴት ተነስቼ ወደ መሪው በኩል እንደዘለልኩ አላውቅም። ጉልበቴ ከማርሹ ተጋጭቶ ቆዳዬ ተላጧል። የዚያን ጊዜ አልተሰማኝም። ገርበብ ያደረግሁት የጋቢናው በር ግን ከኋላዬ...

ቀጭ።

ማንም ሳይነካው ተዘጋ።

«የዚያን ቀን መንገዱ ሲዘጋ ፈርቼ አለቀስኩ» አለች ሚጣ፣ በትንፋሽ መሀል ቃል እየቆጠበች። «እማዬ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችልኝ... 'አታልቅሺ፣ ከእኔ ጋር ተንፍሺ' አለችኝ... 'እኔ ሳስወጣ አስወጪ፣ እኔ ሳርፍ እረፊ' አለችኝ... እንደዚያ ሳደርግ አልፈራሁም።»

«እማዬ እኮ... እማዬ ሞታለች ሚጣዬ።»

«አውቃለሁ» አለች።

እንደ ልጅ አልነበረም አነጋገሯ። አዛኝ ነበር። እኔን የምታጽናና ትመስላለች።

«አውቃለሁ። ግን በቃ አላለችኝም።»

እንባዬ መጣ። ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ምክንያቱም አየሩ መዘግየት ጀምሯል።

እፍ......

ረጅም ዝምታ።

እፍ.........

ከዚያ የበለጠ ረጅም ዝምታ።

የሞት አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ትንፋሽ መሀሉ እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄድና... የሚቀጥለውን ስትጠብቁ ትቀራላችሁ።

ሚጣም ትጠብቅ ነበር። ከንፈሯን ገጥማ። ከንፈሯ ሰማያዊ እየሆነ ነበር።

«ሚጣ! ተንፍሺ! ሚጣ!»

ራሷን ነቀነቀች። እምቢ።

በሩን ሳብኩ። አይከፈትም። ሌላውንም ሳብኩ። የባትሪው ገመድ የተፈታ መኪና ራሱን ቆልፏል። ጋሼ ከውጭ መያዣውን ይዞ በእግሩ በሩን እየረገጠ ይጎትታል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን አይሰማኝም። ዝምታው መዶሻ አምጥቶ መስታወቱን መታው። አልሰነጠቀም። ድምፅ እንኳ አልሰጠም።

ወደ ኋላ ተንጠራርቼ ትከሻዋን ናጥኳት። አፍንጫዋ ላይ እፍ አልኩባት። ዓይኗ ከአየር መውጫው አልተነቀለም። እሱን ትጠብቃለች... እናቷን ትጠብቃለች።

ያኔ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ዳሽቦርዱን በሁለት እጄ ይዤ ፊቴን አየር መውጫው ላይ ደፋሁ። የእርጥብ ፎጣ ሽታው ጉሮሮዬ ድረስ ገባ።

«እህቴ...» አልኩ። «እኔ ነኝ። ጓሮ የላጨሁሽ። ትሰሚኛለሽ?»

ጸጥ።

«ልጅሽ ናት። አንቺን ብላ ነው። የነገርሻትን ነው የምታደርገው። እኛ ብንነግራት አትሰማም... አንቺ በቃ በያት። እባክሽ። ጠፍተሻል አንልሽም፣ ረስተንሻል አንልሽም። በቃሽ በያት ብቻ።»

ጸጥ።

ከጀርባዬ የሚጣ እጅ ወንበሩን መቧጠጥ ጀመረ። ልጅ ሲታፈን የሚያደርገውን... አልነግራችሁም።

«ጋሼን አይተሽዋል?» ጮህኩ። «እይው! ይቺን ከወሰድሽበት ማን ይቀረዋል? ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትተነፍሳለች። ስትፈራ ከእኔ ጋር ትተነፍሳለች። አደራሽን ለእኔ ስጪኝ። እህቴ... አደራሽን ስጪኝ!»

መጀመሪያ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ግንባሬ ላይ የወደቀው ፀጉሬ ተነሳ። ቀስ ብሎ ወደ አየር መውጫው ተሳበ። አየሩ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር። ሰው ሊናገር ሲል ደረቱን ሙሉ አየር እንደሚስበው...

ወጣ።

ረጅም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ትንፋሽ ሰምቼ አላውቅም። የፎጣው ሽታ መሀሉ ላይ ተበጠሰና ሌላ ሽታ መጣ። የታጠበ ፀጉር ሽታ። ከመታመሟ በፊት፣ በር ላይ ስታቅፈኝ የማውቀው።

በሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈቱ።

ሚጣ አየር ሳበች። ሳለች። እንደገና ሳበች። ከዚያ ጮኸች... አለቀሰች። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ ያላለቀሰችው ሁሉ ያኔ ወጣ።

«በቃ አለችኝ! አባዬ... በቃ አለችኝ... በቃሽ አለችኝ...»

ጋሼ አንስቶ አቀፋት። ዘይት የጠጣው ወለል ላይ ተንበርክኮ ሁለቱም አለቀሱ። ዝምታው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ መዶሻውን እንደያዘ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ምክንያቱ አይጠየቅም።

ከቆይታ በኋላ ሚጣ ስትረጋጋ፣ ጋሼ ፊቷን በእጁ ጠርጎ ቀስ ብሎ ጠየቃት። እኔ ያልሰማሁ መስሎታል።

«ሌላስ... ምን አለችሽ?»

«በቃሽ ብቻ ነው ያለችኝ።»

«ስለ እኔስ?»

ልጅቷ አሰበች። መዋሸት አትችልበትም።

«ስለ አንተ ምንም አላለችም አባዬ።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «ደግ ነው» አለ። «ደግ ነው የኔ እናት።» ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ያንን ፊት ከማየት፣ መኪናው ውስጥ ታፍኖ መቅረት ይሻላል።

በሌላ መኪና ወደ ቤት ላክናቸው። እኔና ዝምታው አንድ ቃል ሳንነጋገር ሥራችንን ጨረስን። ቱቦዋ ያን ጊዜ ፈሰሰች። የዋጠችውን አረፋ ሁሉ ጥቁር አድርጋ ባልዲ ሙሉ አወጣች። አዲስ ፊልትሮ አስገባሁ። ባትሪው ታሰረ፤ ፋኑ አንድ ወጥ ሆኖ ነፈሰ። ቀዝቃዛና ንጹሕ። ምንም አይሸትም።

ምንም አለመሽተቱን ሳረጋግጥ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጓደኛዬን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት መሰለኝ።

ታሪኩ እዚህ ጋ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሚጣን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲሄድ መኪናውን ሊወስድ በጋራዡ በኩል መጣ። ሌሊቱን ልጅቷ አልሳለችም አለኝ። ጢሙን ተላጭቷል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ደስ አለኝ። ሚጣ ከኋላ ገብታ ከጋቢናው ጀርባ ተቀመጠችና የሥዕል መጽሐፏን አወጣች። «እንዳይታፈን መስኮቶቹን ሁሉ ክፈት» አልኩት። ሁሉንም ከፈተ።

ከዚያ ግን ወደ መሪው አልሄደም።

ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተ። ዕቃ ሊያስቀምጥ መስሎኝ ነበር። እጁ ላይ ምንም የለም። በሩን እንደያዘ ቆመ። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው እንደሚጠበቀው፣ ሳይቸኩል ጠበቀ።

በሩን በሁለት እጁ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።

መኪናው በዚያ በኩል ትንሽ ዝቅ አለ።

ጋሼ ፈገግ አለ።

ባዶው የጋቢና ወንበር በሀዲዱ ላይ ቀስ... ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

ሚጣ ዓይኗን ከመጽሐፏ ሳታነሳ፣ ቦታ ልትለቅ ጉልበቷን ሰበሰበች።